ፀጉር ሲሳሳ፦ ከንቅለ ተከላ እስከ ሌዘር ማበጠሪያ

ጤናማ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ይረግፍበታል። ስለዚህ ማበጠሪያ ላይ የቀረውን እያዩ መደንገጥ አያስፈልግም። ራሳችን ላይ ወደ 100,000 ፀጉር አለ። እያንዳንዱ ከ2 እስከ 6 ዓመት ያድጋል፣ ለጥቂት ወራት ያርፋል፣ ከዚያ ይወድቃል። ከዚያው ሥር ሌላ ይበቅላል። ችግሩ የሚመጣው የሚወድቀው ከሚበቅለው ሲበልጥ ነው። ወይም አዲሱ ፀጉር በየጊዜው እየቀጠነ ሲሄድ።

ያኔ ምክር ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። አንዱ ቀይ ሽንኩርት ጨምቀህ ተቀባ ይላል። ሌላዋ የጉሎ ዘይት፣ ሬት፣ ጥቁር አዝሙድ ታዛለች። ኢንተርኔት ላይ ቀይ መብራት የሚያበራ ኮፍያ ይሸጣል። የጨነቀው ደግሞ ትኬት ቆርጦ ኢስታንቡል ይሄዳል። ከእነዚህ ውስጥ በደንብ የሚሠራ አለ፣ ለጥቂቱ ብቻ የሚሠራ አለ፣ ምንም የማይጠቅምም አለ። ዋጋ ከመጠየቅ በፊት ግን መልስ የሚፈልግ አንድ ጥያቄ አለ።

ፀጉሩ የረገፈው በምንድን ነው?

ወልዳ ሦስት ወር የሆናት እናት ራሷን ስትታጠብ ፀጉሯ በእፍኝ ይመጣል። ታይፎይድ ወይም ሌላ ከባድ ትኩሳት ይዞት የዳነ ሰውም እንዲሁ። ሰውነት ሲጨነቅ ብዙ ፀጉር አንድ ላይ ወደ እረፍት ይገባና ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ አብሮ ይወድቃል። ይሄ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይመለሳል። የብረት ማነስ ወይም የታይሮይድ ችግር ካለ የደም ምርመራ ያሳየዋል። ለዚህ ዓይነቱ መርገፍ ውድ ሕክምና የሚገዛ ሰው በራሱ ሊመጣ ለነበረ ነገር ነው የሚከፍለው።

ሕፃናት ላይ የሚታየው ቆረቆር የፈንገስ በሽታ ነው። ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል። ቅባት ብቻውን አይበቃውም፣ ሥሩ ድረስ ስለሚገባ የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል። ላሽ ደግሞ ሌላ ነው። የሰውነት መከላከያ የራሱን የፀጉር ሥር ሲያጠቃ ክብ ክብ ሆኖ የሚመለጠው ማለት ነው። ለትንሽ ላሽ ሐኪሞች ስቴሮይድ ቦታው ላይ ይወጋሉ። ለከባዱ ባሪሲቲኒብ የተባለ ክኒን እ.ኤ.አ. በ2022 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

በእኛ ሴቶች ላይ የሚታየውና በጣም የሚያሳዝነኝ ግን በመጎተት የሚመጣው ነው። ግንባርና ጆሮ ግንድ አካባቢ ፀጉሩ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ይሸሻል። ምክንያቱ ጠበቅ ያለ ሹሩባ፣ የሚሰፋ ሂውማን ሄር፣ ሁልጊዜ ጥብቅ ተደርጎ የሚታሰር ፀጉር ነው። ሹሩባው ሲያም፣ ሥሩ ላይ ትንንሽ ቡግር ሲወጣ «ታገሺ፣ በሁለት ቀን ይላላል» ይባላል። መታገስ የለባትም። ሕመሙ ሥሩ እየተነቀለ መሆኑን መናገሪያው ነው። በጊዜ ከተላላ ፀጉሩ ይመለሳል። ዓመታት ከቆየ ግን ሥሩ ወደ ጠባሳ ይለወጣል። ከዚያ በኋላ የሚያነቃው ዘይት የለም። ስለዚህ ይሄኛው በነፃ የሚታከም ነው፣ ጊዜው ካላለፈ።

መሃል አናት ላይ ጀምሮ ዙሪያውን እየሰፋ የሚሄድ፣ የሚያሳክክና የሚያቃጥል መርገፍ ያለባት ሴትም ቶሎ ሐኪም ማየት አለባት። ጠባሳ የሚተው በሽታ ሊሆን ይችላል። በተለይ አፍሪካዊ ዝርያ ያላቸው ሴቶች ላይ ይታወቃል። ይሄንን ለይቶ የሚያውቀው የቆዳ ሐኪም ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በሥጋ ደዌ ሕክምና የተጀመረው አለርት ሆስፒታል ዛሬ የቆዳ በሽታዎች ትልቁ ማዕከል ሆኗል። ጥርጣሬ ያለበት ራስ ቅል ትንሽ ናሙና ተወስዶ ሊመረመር ይችላል።

የቀረው በዘር የሚመጣው የተለመደው በራ ነው። ከዚህ በታች የምናወራው በዋናነት ስለሱ ነው።

ሁለቱ መድኃኒቶች

ጃንደረባ እንደማይመለጥ ከጥንት ጀምሮ ይታወቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1942 ጄምስ ሃሚልተን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ምክንያቱን አሳየ። በልጅነታቸው የወንድ ዘር ፍሬያቸውን ያጡ ሰዎች በራ አይወጣባቸውም። ቴስቶስትሮን ሲሰጣቸው ግን በቤተሰባቸው በራ ያለባቸው መመለጥ ይጀምራሉ። ዘርም ሆርሞንም ያስፈልጋል ማለት ነው።

በ1974 ደግሞ ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ አንድ አስገራሚ ጥናት ወጣ። እዚያ አንድ መንደር ውስጥ ሲወለዱ ሴት የሚመስሉ፣ ለአቅመ አዳም ሲደርሱ ግን ወንድነታቸው የሚገለጥ ልጆች ነበሩ። ቴስቶስትሮንን ወደ ዲኤችቲ፣ ማለትም የራስ ፀጉርን ወደሚያቀጥነው ጠንካራ የወንድ ሆርሞን፣ የሚቀይረው ኢንዛይም ይጎድላቸዋል። አድገው ፕሮስቴታቸው ትንሽ ሆኖ ይቀራል፣ ፀጉራቸውም ወደ ኋላ አይሸሽም። ፊናስቴራይድ ከዚህ ግኝት በኋላ ያንኑ ኢንዛይም እንዲያግድ የተሠራ መድኃኒት ነው። በ1992 ለፕሮስቴት እጢ ማበጥ፣ በ1997 በቀን 1 ሚሊግራም ሆኖ ለወንዶች በራ ተፈቀደ።

በአብዛኞቹ ወንዶች ላይ መርገፉን ያቆማል፣ በከፊሉም ላይ ያሳድጋል። ግን ዋጋ አለው። ጥቂት ሰዎች ላይ የወሲብ ፍላጎትና አቅም ይቀንሳል። ድብርትና ራስን የማጥፋት ሐሳብም በማስጠንቀቂያው ላይ ተጽፏል። ነፍሰ ጡር ሴት የተሰበረውን ክኒን መንካት እንኳ የለባትም፣ የወንድ ፅንስ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ከሐኪም ጋር ሳይነጋገሩ በጓደኛ ሻንጣ ከውጭ አስመጥቶ መዋጥ ትክክል አይመስለኝም።

ሚኖክሲዲል የተገኘው በአጋጣሚ ነው። የደም ግፊት ክኒን ነበር። የወሰዱት ሰዎች ፊታቸውና ክንዳቸው ላይ ፀጉር አበቀሉ። ከዚያ በፈሳሽ መልክ ራስ ላይ እንዲቀባ ተደርጎ በ1988 ተፈቀደ። ወንድም ሴትም ይጠቀሙበታል። ሁለት ነገር ይዛችሁ ጀምሩት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መርገፉ ሊብስ ይችላል፣ አሮጌው ለአዲሱ ቦታ እየለቀቀ ነውና አትደንግጡ። ሁለተኛው፣ ስታቆሙት ያገኛችሁት በወራት ውስጥ ይሄዳል። ቤት ውስጥ ድመት ካለ ደግሞ ተጠንቀቁ፣ ለድመት መርዝ ነው።

ንቅለ ተከላ፦ ማዛወር እንጂ መፍጠር አይደለም

የማጅራትና የጎን ፀጉር ለዲኤችቲ አይበገርም። ወደ ፊት ተነቅሎ ሲተከልም ጠባዩን ይዞ ይሄዳል። ይሄንን በ1950ዎቹ ኒውዮርክ ውስጥ ያረጋገጠው ኖርማን ኦሬንትራይክ ነው። ጃፓናዊው ሐኪም ሾጂ ኦኩዳ በ1939 ተመሳሳይ ሥራ አሳትሞ ነበር፣ በጦርነቱ ምክንያት ምዕራባውያኑ ሳያዩት ቀሩ። የድሮው ተከላ በትልቅ ክብ ቀዳጅ ስለሚሠራ የአሻንጉሊት ፀጉር ያስመስል ነበር። አሁን የሚወሰደው በተፈጥሮ አብረው የሚበቅሉ ከ1 እስከ 4 ፀጉሮች ያሉበት ትንሽ ሥር ነው።

መንገዱ ሁለት ነው። በአንደኛው ከማጅራት አንድ ቀጭን ቆዳ ተቆርጦ ይወጣና በአጉሊ መነጽር ይከፋፈላል። እንደ መስመር ያለ ጠባሳ ይተዋል። በሁለተኛው ከ1 ሚሊሜትር በማይበልጥ ቀዳጅ ሥሩ አንድ በአንድ ይነቀላል። ጠባሳው ነጠብጣብ ነው። በማደንዘዣ ይሠራል፣ ቀኑን ሙሉ ሊወስድ ይችላል። የተተከለው ፀጉር በሳምንታት ውስጥ ይረግፋል። ሥሩ ግን ይቀራል፣ ከሦስት አራት ወር በኋላ ያበቅላል። ትክክለኛው ውጤት የሚታየው ዓመት ሲሞላ ነው።

ማጅራት ባንክ ነው ብላችሁ አስቡት። ያለው ገንዘብ የተወሰነ ነው፣ ሲያልቅ አይተካም። ከልክ በላይ የተነቀለ ማጅራት ብል የበላው ጨርቅ ይመስላል። የ22 ዓመት ወጣት ግንባሩን ሞልቶ ካስተከለ በኋላ ከጀርባው ያለው የራሱ ፀጉር መሸሹን ከቀጠለ፣ ፊት ለፊት ብቻውን የቀረ ጉብታ ይኖረዋል። ስለዚህ ጥሩ ሐኪም ወጣቱን ቆይ ይለዋል። ከተከላ በኋላም መድኃኒቱን እንዲቀጥል ይነግረዋል።

ለጥቅልል ፀጉር ልዩ ነገር አለ። ጥሩው፣ ጥቅልል ፀጉር ብዙ ቦታ ስለሚሸፍን ትንሽ ሥር ይበቃዋል። አስቸጋሪው፣ ፀጉሩ ከቆዳ ሥርም እንደታጠፈ ስለሆነ ቀጥ ብሎ የሚገባ ቀዳጅ ይቆርጠዋል። የተቆረጠ ሥር ብዙውን ጊዜ በደንብ አይበቅልም። ቁስሉ ሲድን የሚያብጥ፣ ኬሎይድ የሚባለው ጠባሳ የሚወጣበት ሰው ደግሞ ይበልጥ መጠንቀቅ አለበት። እንዲህ ያለ ሰው መጀመሪያ ትንሽ ቦታ ላይ ሙከራ እንዲደረግለት ይጠይቅ።

ከአዲስ አበባ ኢስታንቡል ቀጥታ በረራ ነው። እዚያ ሆቴሉም፣ ከኤርፖርት መቀበሉም፣ ተከላውም በአንድ ዋጋ ይሸጣል፣ አሜሪካ ከሚጠየቀውም በብዙ ይረክሳል። ጎበዝ ሐኪሞች አሉ። ግን የፀጉር ተከላ ሐኪሞች ዓለም አቀፍ ማኅበር ደጋግሞ የሚያስጠነቅቀው አንድ ነገር አለ፦ ፈቃድ የሌላቸው ሠራተኞች ቀዶ ጥገናውን የሚሠሩባቸው ቦታዎች። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት «ቀዳጁን የሚይዘው ማነው?» ብላችሁ ጠይቁ። «እንደኔ ዓይነት ፀጉር ስንት ሰው ላይ ሠርታችኋል? ከዓመት በኋላ ያለውን ፎቶ አሳዩኝ» በሉ። ጠባሳ በሚተው በሽታ ለተመለጠ ሰው ደግሞ በሽታው ሳይተኛ ተከላ ገንዘብ መጣል ነው።

ሌዘሩ

በ1967 ቡዳፔስት ውስጥ ኤንድሬ ሜስተር የተባለ ሐኪም ሌዘር ካንሰር ያመጣ እንደሆነ ለማየት አይጦችን ላጭቶ አበራባቸው። ካንሰር አልያዛቸውም። የተላጨው ፀጉር ግን ካልበራባቸው ይልቅ ፈጥኖ በቀለ። የዛሬው ማበጠሪያ፣ ኮፍያና የራስ ቁር ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው። ቀይ ብርሃኑ ለሴሎች ኃይል ይሰጣል የሚል ማብራሪያ አለ፣ እንዴት እንደሆነ ግን በደንብ አልተረጋገጠም።

ሻጮች «በኤፍዲኤ (በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ) የተፈቀደ» ይላሉ። እዚህ ላይ ረጋ እንበል። ሄርማክስ የተባለው ማበጠሪያ በ2007 ያገኘው መድኃኒት የሚያልፍበትን ከባድ ፈተና የሚጠይቅ ፈቃድ አይደለም። መሣሪያው ገበያ ላይ ካሉ ሌሎች መሣሪያዎች ጋር ይመሳሰላል በሚል የሚሰጥ ማለፊያ ነው። በ2014 የወጣ ጥናት ማበጠሪያውን ሌዘር ከሌለው አስመሳይ ጋር ለ26 ሳምንታት አወዳድሮ ነበር። በካሬ ሴንቲሜትር 20 ገደማ ፀጉር ጨምሯል። አስመሳዩ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው ያመጣው። ስለዚህ ባዶ ማጭበርበር ነው አልልም። ግን ጥናቱ አጭር ነው፣ ከአምራቹም ገንዘብ አለበት። በማጉያ የተቆጠረ ፀጉርም ሁልጊዜ መስታወት ላይ አይታይም።

እኛን ይበልጥ የሚነካው ሌላ ነው። የማበጠሪያው ማለፊያ የሚናገረው ስለ ቆዳ ዓይነት ከ1 እስከ 4 ነው። ጠቆር ያለው ቆዳ 5 እና 6 ይባላል። ጥቁር ቆዳ ብርሃኑን ራሱ ይውጠዋል። ማለትም ብዙዎቻችን ለእኛ ዓይነት ቆዳ ላልተፈተነ ዕቃ ነው በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች የሚቆጠር ዶላር የምንጠየቀው። ሹሩባ ወይም ዊግ ላይ የሚደፋ ከሆነማ ብርሃኑ ቆዳው ጋ አይደርስም።

የራስን ደም አጣርቶ ራስ ላይ የሚወጋው ሕክምናም እየተስፋፋ ነው። አንዳንድ ጥናት ላይ ጥሩ ይታያል፣ ሌላው ላይ አይታይም። አዘገጃጀቱ ከክሊኒክ ክሊኒክ ስለሚለያይ ማወዳደሩ ራሱ ከባድ ነው።

ምክንያቱን አውቃችሁ አንዱን ለመጀመር ከወሰናችሁ፣ ከመጀመሪያው ቀን በፊት ፎቶ አንሱ። ያው ቦታ፣ ያው ብርሃን፣ ፀጉሩ ደረቅ ሆኖ። በየሦስት ወሩ ድገሙት። በስድስት ወር፣ ተከላ ከሆነ በዓመት፣ ፎቶዎቹ መካከል ልዩነት ከሌለ፣ ሐኪሙ ጋ ይዛችኋቸው ተመለሱ።