ጊዜ ቀጠሮ ምንድን ነው?

ባለፈው ሳምንት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ፣ ዶሮ መዝለያን ሳናልፍ የሚኒባሱ ሬዲዮ «ፍርድ ቤቱ በተጠርጣሪው ላይ የ14 ቀን እስራት ፈረደበት» ሲል ሰማሁ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት «እሰይ! ግን አነሰው» አሉ። በዚያው ወር ይህን ስህተት ሁለት ጊዜ ሰምቼ፣ አንዴ ደግሞ በገዛ ተማሪዬ የቤት ሥራ ላይ አንብቤ ነበር። ይኼኛው ጽዋውን ሞላው።

ፍርድ ቤቱ አልፈረደም፤ ፈቀደ። ልዩነቱ የመሃሏ ፊደል ናት። የፈቀደውም ለተጠርጣሪው ሳይሆን ለመርማሪው ነው፦ «ምርመራዬን አልጨረስኩም፣ ሰውየው በእጄ እያለ ልቀጥል» ብሎ ለጠየቀ ፖሊስ የተሰጠ ጊዜ። ሙያው ይህን «ጊዜ ቀጠሮ» ይለዋል። እናንተ ጋዜጠኞች የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 19፣ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ የሚለውን፣ ታውቁታላችሁና አልመለስበትም። (ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት መንገዱ የሚወስደው ጊዜ ከ48ቱ ውስጥ እንደማይቆጠር ግን ልብ በሉ፤ ይህን ረስቶ «ሕግ ተጣሰ» ብሎ የዘገበ አውቃለሁ።)

የልብስ ሰፊ ቀጠሮ አስቡ። ለበዓል ጨርቅ ትሰጡታላችሁ፣ «ሐሙስ ና» ይላችኋል። ሐሙስ ትሄዳላችሁ፦ እጅጌው ቀርቷል፣ ቁልፍ አልተገኘም፣ ዘምዛሚው ታሟል። መርማሪውም ችሎት ቀርቦ የሚለው ይህንኑ ነው፦ የቀሪ ምስክሮችን ቃል አልተቀበልኩም፣ የሕክምና ማስረጃው አልመጣልኝም፣ ግብረ አበሩን አልያዝኩም። ደኅና ባለ ጨርቅ «ባለፈው የሰጠሁህን ቀን ምን ሠራህበት?» ብሎ ይጠይቃል፤ ደኅና ዳኛም እንደዚሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ያንኑ «ምስክር ቀርቶኛል» ሲሰማ ጊዜውን ያሳጥራል፣ ወይም ይከለክልና ዋስትና ይፈቅዳል። ልብሱ ገና አልተሰፋም። ጭራሽ ላይሰፋም ይችላል፤ ጨርቁ እንዳለ የሚመለስበት፣ ማለትም ክስ ሳይመሠረት መዝገቡ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ታዲያ ጋዜጠኛው ገና ያልተሰፋውን ኮት አልብሶ ያሳየናል። ምሳሌዬ እዚህ ላይ ይቀደዳል፤ ጨርቅ መደርደሪያ ላይ ቢከርም አይበርደውም፣ ልጆቹም አይናፍቁትም።

አንድ ተንታኝ ደግሞ እንዲህ ሲል ሰምቼዋለሁ፦ «ዳኛው ጥፋት ባያይበት ኖሮ 14 ቀን ለምን ይሰጥበታል?» ወንድሜ፣ ዳኛው ፊት ያለው የምርመራ መዝገብ ብቻ ነው። ክስ የለም፣ የቀረበ ምስክር የለም፣ መከላከያ የለም። በምን አይቶ ይፍረድ? 14 ቀንም ቢሆን የወንጀሉ ክብደት መለኪያ አይደለም። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 59 በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ እንዳይፈቀድ ጣራ አስቀመጠ፤ ዳኛው 5 ወይም 7 ሊሰጥ ይችላል። ሰባት የተሰጠበት «ቀለል ያለ ወንጀለኛ» አይደለም፤ የቀረው የምርመራ ሥራ አነስተኛ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ሕጉ ያልተናገረው ስንት ጊዜ መደጋገም እንደሚቻል ነው፤ እኛ ጠበቆች ከመርማሪ ጋር የምንነታረከው እዚያ ላይ ነው። እውነተኛ ዜና የሚፈልግ ጋዜጠኛ ስንተኛ ቀጠሮ እንደሆነና ካለፈው ወዲህ ምን እንደተሠራ ይጠይቅ።

ተገላቢጦሹም አለ፤ ዋስትና የተፈቀደለትን ሰው «ነጻ ተባለ» የሚሉ። ነጻ የሚባለው ተከሶ፣ ማስረጃ ተሰምቶ፣ ተፈርዶለት ነው። ማረፊያ ቤትና ማረሚያ ቤትም አንድ አይደሉም፤ ተጠርጣሪ በተለምዶ የሚቆየው በፖሊስ ማረፊያ ቤት ነው። ከክስ በኋላ «ለመጋቢት 12 ተቀጠረ» ሲባል ደግሞ እሱ ተራ ቀጠሮ ነው፣ ጊዜ ቀጠሮ አይባልም።

እናንተን በቀጥታ የሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 በአንቀጽ 86 በመገናኛ ብዙኃን አማካይነት ወንጀል ፈጽሟል የተባለ ጋዜጠኛ ለተጨማሪ ምርመራ ሳይታሰር በቀጥታ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ባጭሩ፣ ጽሑፉ ታትሟል፣ ድምፁ ተላልፏል፤ ልብስ ሰፊው የሚቀጥለው እጅጌ የለም። በተግባር ክርክሩ የሚነሳው ፖሊስ «የጠረጠርኩት በጋዜጠኝነት ሥራው አይደለም» ሲል ነው። ነገ ለራሳችሁ የምትጠሩትን አንቀጽ ዛሬ በሌላው ሰው ዜና ላይ አታምታቱት።

ደግሞም «ወንጀለኛው» ብላችሁ የጻፋችሁት ሰው ክስ ሳይመሠረትበት ቢለቀቅ፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2044 ጀምሮ ስለ ስም ማጥፋት የደነገገው ያስጠይቃችኋል። «ለመጉዳት አስቤ አልነበረም» ማለት እዚያ አያድንም።

ያን የቤት ሥራ የሠራችውን ተማሪዬን አስቀምጬ አብረን ከለስነው። እርሷ የጻፈችው «ፍርድ ቤቱ ወንጀለኛውን በ14 ቀን እስራት ቀጣ» ነበር። ብዙ ተሰርዞ ተደልዞ የወጣው ይህ ነው፦ «ፖሊስ ምርመራውን ባለማጠናቀቁ የ14 ቀን ተጨማሪ ጊዜ ጠየቀ፤ የተጠርጣሪው ጠበቃ ዋስትና እንዲፈቀድ ቢከራከሩም ፍርድ ቤቱ 10 ቀን ፈቀደ።»

አየችውና «መምህር፣ ይኼ እኮ አይስብም» አለች።

አዎ፣ አይስብም።