የቤት አይብ ከየትኛው ወተት?

የአገራችን አይብ ከወተት በቀጥታ አይወጣም። ወተቱ ይረጋል፣ እርጎው ይናጣል፣ ቅቤው ይወጣል። የሚተርፈው አሬራ ነው። አሬራው እሳት ላይ ሞቅ ሲል ይቋጠራል፤ አጓቱ ይጠልልና አይቡ ይቀራል። ስለዚህ ለአይብ ወተት የሚገዛ ሰው ከሁሉ በፊት ማረጋገጥ ያለበት ወተቱ በደንብ የሚረጋ መሆኑን ነው።

በዚህ በኩል ላም ካለው ጎረቤት የሚመጣን ጥሬ ወተት የሚያህል የለም። በወይራ በታጠነ ዕቃ ከተቀመጠ ምንም ሳይጨመርበት በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይረጋል፤ ደጋ ከሆነ ትንሽ ይቆያል። የሀበሻ ላም ወተት ስቡ ብዙ ጊዜ ከ4 በመቶ በላይ ነው፤ የፈረንጅ ላም የምንላት ፍሪዢያን 3.5 በመቶ ገደማ ትሰጣለች። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ቅቤው ላይ ነው። አይቡማ ቅቤው ከወጣ በኋላ ስለሚሠራ የሚቀርለት ስብ 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። አንድ ኪሎ አይብ ለማግኘት 8 ሊትር ያህል ወተት ይፈልጋል። ወተቱ ውሃ ከተቀላቀለበት ግን ሂሳቡ ይበላሻል።

ብዙ ወተት በአንዴ ከመግዛት በፊት ትንሽ ወስዶ ማፍላት ጥሩ ነው። ገና ሲሞቅ ከተቆራረጠ ወይ አድሯል፣ ወይ እንገር ተቀላቅሎበታል። የወለደች ላም የመጀመሪያ ቀናት ወተት ፕሮቲኑ ብዙ ስለሆነ እሳት ሲነካው ይረጋል። የተገላቢጦሹም አለ፦ ሁለት ቀን ተቀምጦ አልረጋም የሚል ወተት። ይህ ሲገጥም ላሟ የጡት በሽታ ይዟት መድኃኒት እየተወጋች እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። አንቲባዮቲኩ ወተቱን የሚያረጉትን ባክቴሪያዎችም ይገድላል። ሻጩን ላሟ ምን እንደምትበላ መጠየቅም አይከፋም። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ወተቶች በአብዛኛው ላይ ከአውሮፓ ኅብረት ገደብ ያለፈ አፍላቶክሲን (ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ) አግኝቷል። ዋናው ተጠርጣሪ የኑግ ፋጉሎ ነው። አፍላቶክሲን በማፍላት አይጠፋም፤ ይባስ ብሎ ከወተቱ ፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቅ አይቡ ውስጥ ይጠራቀማል።

ጥሬ ወተት ሌላም ጣጣ አለው፤ ብሩሴሎሲስና የከብት ሳንባ ነቀርሳ በእሱ ይተላለፋሉ። ብዙ ሰው «አይቡ እሳት ነክቶታል» ብሎ ይዝናናል። አሬራ የሚሞቀው ግን ከ40 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው። ወተትን ፓስቸራይዝ ለማድረግ (ጀርሞቹን በሙቀት ለመግደል) ደግሞ 63 ዲግሪ ላይ 30 ደቂቃ፣ ወይም 72 ዲግሪ ላይ 15 ሰከንድ መቆየት አለበት። ለብ ብሎ የወጣ አይብ እዚያ አይደርስም። እኔ የምመክረው ወተቱን አፍልቶ፣ ለብ እስኪል አብርዶ፣ ሁለት ሦስት ማንኪያ ጥሩ እርጎ ለእርሾ ጣል ማድረግ ነው። ትንሽ ጣዕም ይቀንስ ይሆናል፤ የእነዚህን በሽታዎች ስጋት ግን ይቀንሳል።

በላስቲክ የሚሸጠው ፓስቸራይዝድ ወተትም እንዲሁ እርሾ ከተደረገበት ይረጋል። ሆሞጂናይዝድ ከሆነ ግን ስቡ ስለደቀቀ ቢናጥ ቅቤ በቀላሉ አይወጣውም። ያኔ መናጡን ትቶ ወተቱን ሊፈላ ሲል ሎሚ መጭመቅ ይሻላል። በካርቶን የሚመጣው ረጅም ዕድሜ ያለው ወተት በሎሚ ይቋጠራል፤ ግን ይልማል፣ ውሃም ይይዛል። አሜሪካ ያሉ ወገኖች ብዙ ጊዜ የሚቸገሩት በዚህ ነው። እዚያ ብዙው ኦርጋኒክ ወተት በጣም ከፍ ባለ ሙቀት ያለፈ ስለሆነ ተራውን ሙሉ ስብ ወተት መግዛት ያዋጣል። «በተርሚልክ» ተብሎ የሚሸጠው የኛ አሬራ አይደለም፤ ባክቴሪያ ተጨምሮበት የኮመጠጠ ወተት ነው። ቢሆንም በሎሚ ፈንታ ትኩስ ወተት ላይ ቢጨመር ጥሩ ይቋጥራል። እንዲህ የተሠራ አይብ ቅቤው ስላልወጣለት ወፈር ይላል፤ ለክትፎ የሚሆነውን ደረቅ ያለ አይብ ለሚፈልግ ሰው ግማሽ ስብ ያለው ወተት ይቀርበዋል።

የፍየል ወተት ይሆናል፤ አይቡ ግን ለስላሳ ነው፣ ቅቤም ቶሎ አይወጣውም። የግመል ወተት ለቤት አይብ አይመከርም፤ እንደ ላም ወተት ጠንከር ብሎ አይቋጠርም።

ጊዜም ምርጫ ነው። በሁዳዴ 55 ቀን የወተት ገበያ ይቀዘቅዛል፤ ለፋሲካ ቅቤ ለማጠራቀም ከዚህ የተሻለ ወቅት የለም። አይቡ ግን ብዙ ስለማይቆይ ለበዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው ማውጣት ይበቃል። ጎጃም ውስጥ በቅመም አብላልተው መጣታ አይብ የሚያደርጉት ግን ለረጅም ጊዜ ያቆዩታል።