ብሔራዊ የሰብአዊ መብት ተቋም ከሲቪል ማኅበረሰብ ጋር ያለው ግንኙነት ምንድን ነው?

ዜና ላይ ኢሰመኮ እና ኢሰመጉ ሲባል አንድ የሚመስለው ሰው ጥቂት አይደለም። አይፈረድበትም፤ ሁለቱም መግለጫ ያወጣሉ፣ ሁለቱም ስለ እስርና ግድያ ይናገራሉ። ኢሰመኮ፣ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን፣ በአዋጅ 210/1992 የተቋቋመ፣ ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሆነ ተቋም ነው። ኢሰመጉ፣ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤ፣ ግን ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምና ባልደረቦቻቸው በ1984 ዓ.ም የመሠረቱት የአባላት ማኅበር ነው።

ብሔራዊ ተቋም የሚባለው የፊተኛው ነው፦ በሕግ ቆሞ፣ በመንግሥት በጀት እየሠራ፣ መንግሥትን ራሱን የሚመረምር። ነገሩ እንደሚመስለው አስቸጋሪ ነው። ለዚህም የተመድ ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1993 ያጸደቃቸው የፓሪስ መርሆች እንዲህ ያለው ተቋም ከመብት ድርጅቶች ጋር እንዲሠራ ይጠይቃሉ። በአባላቱ አመራረጥም የሠራተኛ ማኅበራት፣ የሕግ ባለሙያዎች፣ ሐኪሞችና ጋዜጠኞች ድምፅ እንዲኖራቸው ይፈልጋሉ።

በተግባር ምን ማለት ነው? አንድ ሰው ተይዞ የት እንደታሰረ ጠፋ እንበል። ወሬው መጀመሪያ የሚደርሰው አካባቢው ላይ አባል ወይም የሚያውቁት ሰው ላለው ማኅበር ነው። ማኅበሩ ግን ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ይቀራል። የኮሚሽኑ ባለሙያ በተሻሻለው አዋጅ 1224/2012 መሠረት አስቀድሞ ሳያሳውቅ ገብቶ ታሳሪውን ማነጋገር ይችላል። (በወረቀት እንዲህ ነው፤ ዘብ ላይ የሚያጋጥመው ሌላ ታሪክ ነው።) ስለዚህ አንዱ መረጃ አለው፣ ሌላው ሥልጣን። ትብብሩ የሚያስፈልገው ለዚህ እንጂ ሆቴል አዳራሽ ተሰብስቦ ፎቶ ለመነሳት አይደለም።

ጄኔቫ፣ የተመድ የሰብአዊ መብቶች ምክር ቤት ዘንድም እንዲሁ ነው። አገሮች በየተራ በሰብአዊ መብት አያያዛቸው ሲገመገሙ የማኅበራቱ ሪፖርት ተጠቃሎ ይቀርባል፤ የኮሚሽኑ አስተያየት ለብቻው ክፍል ይሰጠዋል።

ግንኙነቱ የሚፈተነው ግን ማኅበራቱ ራሳቸው ሲነኩ ነው። አዋጅ 621/2001 በመብት ላይ የሚሠሩ ድርጅቶች ከውጭ የሚያገኙት ገንዘብ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ አድርጎ ብዙዎቹን አሽመደመደ፤ የተሻረው ከ10 ዓመት በኋላ በአዋጅ 1113/2011 ነው። በ2017 ዓ.ም ደግሞ ኢሰመጉን ጨምሮ በርካታ የመብት ድርጅቶች ታግደው ነበር። በእኔ አመለካከት የኮሚሽኑ ወዳጅነት የሚለካው በእንዲህ ያለው ሳምንት በሚናገረው ነው፤ ማኅበራቱ ከሌሉ እሱም ጆሮውን ያጣል።

ማኅበራቱም እጃቸው ባዶ አይደለም። ብሔራዊ ተቋማት የፓሪስ መርሆችን ምን ያህል እንደሚያሟሉ ተመዝነው ደረጃ ይሰጣቸዋል፤ ኢሰመኮ እ.ኤ.አ. በ2021 ከ«ለ» ወደ «ሀ» ደረጃ ከፍ ብሏል፤ ይህ ደረጃ በየ5 ዓመቱ እንደገና ይመረመራል። በዚያ ምርመራ ላይ የሲቪል ድርጅቶች ስለ ኮሚሽኑ ነጻነት የታዘቡትን ጽፈው ማስገባት ይችላሉ።