«ልጆች ታጫውቻለሽ» ላሉኝ ሁሉ

ጠዋት በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ስድስት ኪሎ አካባቢ ባለ የልጆች ማዕከል ሥነ ጥበብ፣ በእሱም በኩል ባህልና ማኅበራዊ ፍትሕ አስተምራለሁ። ሥራዬን የጠየቀኝ ሰው ሁሉ «አሃ፣ ልጆች ታጫውቻለሽ» ይለኛል። ቀጥሎ የሚመጣውንም በቃሌ ስለማውቀው መልሱን ልጻፈው።

«መሳል ያቃተው ያስተምራል።» ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ታላላቆቹ ሠዓሊዎች ገብረ ክርስቶስ ደስታና እስክንድር ቦጎሲያን አስተምረዋል። እነሱን መሳል አቅቷቸው ነው የሚል ካለ ክርክሬን እዚሁ አቆማለሁ።

«ባህል ማስተማር ማለት ጥበብ አልብሶ ማስጨፈር ነው።» ልብሱም ጭፈራውም ደስ ይላል። ግን ጥበቡን የሸመነው ሰው ምን ተብሎ ይጠራ ነበር? ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ፋቂውን እየሰደብን በሠሩልን ስናጌጥ ኖረናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረው ነበር፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ በላይ ዕድሜ አገኘ።

ባለፈው ክረምት ለልጆቹ ጭቃ ሰጥቼ ጀበና ሥሩ አልኳቸው። ሌሎቹ ኳስና እባብ ሲያድቦለቡሉ አንዲት የ12 ዓመት ልጅ አውራ ጣቷን ጭቃው መሃል ሰክታ፣ በሌላ እጇ እያዞረች ሆዱን አወጣችለት። የሹራቧን እጅጌ በውሃ ነክራ ጠርዙን አለሰለሰች። «ማን አስተማረሽ?» አልኳት። «ማንም» አለችና ጀበናውን ጨፍልቃ መልሳ አድቦለቦለችው። አያቷ ቀጨኔ ሰፈር ሸክላ እንደሚሠሩ በጆሮዬ የነገረችኝ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። «ለማንም እንዳትነግሪ፤ ቡዳ ይሉኛል።»

ዝም አልኩ። በኋላ ግን እሷው ራሷ «ትምጣ?» ብላ ጠየቀችኝና አያቷን ጋበዝናቸው። ማሽከርከሪያ የለ፣ መለኪያ የለ፤ እጃቸውና አንዲት ልሙጥ ድንጋይ ብቻ። እኔም ከልጆቹ ጋር ወለሉ ላይ ተቀምጬ ተማርኩ። የጀበናዬ አንገት ሁለት ጊዜ ወደቀ። ልጅቱ ሁሉም እያዩ መጥታ አቃናችልኝ።

«ማኅበራዊ ፍትሕ የምትይው ፖለቲካ ነው።» ልጆቹን የየካቲት 12 ሐውልት ዘንድ እወስዳቸዋለሁ። በ1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች የጨፈጨፉት የአዲስ አበባ ሕዝብ እዚያ ተቀርጿል። ከተቀረጹት አንድ ሰው ብቻ መርጣችሁ ሳሉ እላቸዋለሁ። አንዱ ልጅ ሥዕሉን ሳይጨርስ «የዚህች ስሟ ማን ነበር?» አለኝ። ይህን መጠየቅ ፖለቲካ ከሆነ፣ አዎ፣ ፖለቲካ አስተምራለሁ።

«እንጀራ አይሆንም።» ይህኛው ግማሽ እውነት አለው፤ በዚህ ሙያ የከበረ ሰው አላየሁም። ሆኖም የክወናና የእይታ ጥበባት በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት ሆኗልና ትምህርት ቤቱ መምህር ይፈልጋል። በማዕከላት ያለው ሥራ በፕሮጀክት ስለሚሄድ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ደመወዙም ያልቃል፤ ስለዚህ ሁለቱን ይዣለሁ። ደግሞ ከማስተማሩ እኩል ቅጽ መሙላት አለ። የቀጨኔዋ እማማ አበል ሊከፈላቸው ሲል ቅጹ «የትምህርት ደረጃ» ይላል። «አልተማርኩም በዪ፣ ልጄ» አሉኝ። እኔ «ከልጅነት ጀምሮ ሸክላ» ብዬ ሞላሁ፤ እሳቸው በጣታቸው ፈረሙ። ሒሳብ ሠራተኛው ሁለት ጊዜ መለሰብኝ። በሦስተኛው ከፈለ።