ሼር ያደረግነው ፋይል ማን እጅ ነው? የክላውድ ፈቃድ አሰጣጥና አነሳስ በጎጃም

የዕድር መዝገብ ድሮ ጸሐፊው ቤት፣ ሳጥን ውስጥ ነበር የሚቀመጠው። ጸሐፊው ሲቀየር መዝገቡ ወደ ተተኪው ቤት ይሄዳል። አሮጌው ጸሐፊ ዘንድ የሚቀር ነገር የለም። ዛሬ ደብረ ማርቆስ፣ ሞጣ ወይም ፍኖተ ሰላም ላይ መዋጮውን በስልክ የሚመዘግብ ጸሐፊ ብርቅ አይደለም። ሰንጠረዡን ጉግል ድራይቭ ላይ ያስቀምጠውና ለሦስት ለአራት ሰው ሼር ያደርገዋል። ጸሐፊነቱ ሲያልቅ ግን መዝገቡ በራሱ ከእጁ አይወጣም። ፈቃዱን የሚያነሳ ሰው እስካልተገኘ ድረስ ከዓመታት በኋላም ይከፍተዋል፣ ያነበዋል፣ ከፈለገም ያርመዋል።

ክላውድ የሚባለው ፋይሉ ስልካችን ላይ ሳይሆን በኩባንያው ኮምፒውተሮች ላይ ተቀምጦ በኢንተርኔት የሚከፈትበት አሠራር ነው። ጉግል ድራይቭ ሥራ የጀመረው በሚያዝያ 2004 ዓ.ም. ነው። 15 ጊጋባይት በነፃ ይሰጣል። ቦታውን ግን ጂሜይልና ጉግል ፎቶም ይጋሩታል። የማይክሮሶፍቱ ዋንድራይቭ በነፃ 5፣ ድሮፕቦክስ ደግሞ 2 ጊጋባይት ይሰጣሉ። አንድሮይድ ስልክ የያዘ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የጂሜይል አድራሻ አለው፤ ስለዚህ እዚህ በዋናነት የማወራው ስለ ድራይቭ ነው።

ድራይቭ ላይ አንድ ፋይል አንድ ባለቤት አለው። ከእሱ በታች ማረም የሚችል፣ አስተያየት ብቻ መጻፍ የሚችል እና ማየት ብቻ የሚችል ሰው አለ። ባለቤት መሆንና መጠቀም የተለያዩ መሆናቸውን ለጎጃም ሰው ማስረዳት ብዙ አያደክምም። የርስትን ነገር ያውቀዋል። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር አዋጁ ላይ ሲነሳ አንዱ ስጋቱ ለግብሩ የሚደረገው የመሬት ልኬታ ርስቱን እንዳያሳጣው ነበር። እንዲያርም የተፈቀደለት ሰው እንደ እኩል አራሽ ነው። መሬቱ ላይ ይሠራል፣ ባለ መሬቱ ግን ሌላ ነው። አንድ ልዩነት አለ። ድራይቭ ላይ ይህ እኩል አራሽ ባለቤቱን ሳይጠይቅ ሌላ አራሽ መጥራት ይችላል። አራሚዎች ለሌሎች ሼር እንዳያደርጉ የሚከለክል ምርጫ አለ፤ ባለቤቱ ራሱ ገብቶ ካልቀየረው ግን ከመጀመሪያው የተፈቀደ ሆኖ ነው የሚመጣው። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። እኔም ለረጅም ጊዜ አላውቅም ነበር።

ትልቁ ጣጣ ሊንክ ላይ ነው። ፋይል በሁለት መንገድ ይሰጣል። አንዱ የሰውየውን ኢሜይል ጽፎ በስሙ መስጠት ነው። ሌላው «ሊንኩ ያለው ሁሉ ይክፈት» ብሎ ሊንኩን ቴሌግራም ላይ መለጠፍ ነው። ሁለተኛው ስለሚቀል ሁሉም የሚሮጠው ወደ እሱ ነው። የክፍል ተማሪዎች የቡድን ሥራቸውን፣ ፎቶ ቤቶች የሠርግ ፎቶውን የሚልኩት እንዲህ ነው። ችግሩ የሚመጣው በኋላ ነው። ባለቤቱ ከአንድ ሰው ጋር ይጣላና ስሙን ከዝርዝሩ ያወጣል። ጨረስኩ ብሎ ይተኛል። ሊንኩ ግን አሁንም ክፍት ነው። የወጣው ሰው ቴሌግራሙን ወደ ኋላ ስቦ ያንኑ ሊንክ ሲነካው ፋይሉ ይከፈትለታል።

ስለዚህ ሥራው ሁለት ነው። ሼር የሚለውን ተጭኖ ከታች ያለውን አጠቃላይ ፈቃድ ወደ «ሪስትሪክትድ» መመለስ ያስፈልጋል። ያኔ ስሙ ያልተጻፈ ሰው ሊንኩን ቢይዝም አይገባም። ከዚያ የስሞቹን ዝርዝር አንድ በአንድ ማየት ነው። ድሮፕቦክስ ላይ የተሠራውን ሊንክ ማጥፋት ይቻላል። ዋንድራይቭ ላይ ደግሞ ፈቃድ የሚታይበት ገጽ ለብቻው አለ፤ ሊንኩም ስሙም እዚያው ይነሳል።

ፎልደርም እንዲሁ ያሳስታል። ፎልደር ሼር ሲደረግ ውስጡ ያለው ሁሉ አብሮ ይሄዳል፤ ነገ የሚጨመረውም ጭምር። ለፎቶ ብሎ በተከፈተ ፎልደር ውስጥ አንድ ሰው የመታወቂያ ቅጂውን ካስቀመጠ እሱም ለሁሉም ታየ ማለት ነው። ፈቃዱ የመጣው ከፎልደሩ ከሆነ ማስተካከያውም ያለው እዚያው ፎልደሩ ላይ ነው። ደግሞም ፎልደሩ የኔ ስለሆነ ውስጡ ያለው ሁሉ የኔ ነው ማለት አይደለም። ሌላ ሰው ያስገባው ፋይል ባለቤቱ ያው ያስገባው ሰው ነው።

ፈቃድ ማንሳት የማይመልሰው ነገርም አለ። ዳውንሎድ የተደረገ፣ ኮፒ የተወሰደ፣ ስክሪንሾት የተነሳ ፋይል ወጥቷል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። የሚያዩ ሰዎች እንዳያወርዱ፣ እንዳያትሙና ኮፒ እንዳይወስዱ መከልከል ይቻላል። ስክሪንሾትን ግን አይከለክልም። ቴሌግራም ላይ እንደ ፋይል የተላከው ደግሞ ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። ፎርዋርድ የተደረገበትን ሁሉ ተከትሎ ማጥፋት አይቻልም። የቤተሰብ ወረቀት፣ የይዞታ ደብተር ፎቶ ወይም የሕክምና ውጤት ከሆነ ፋይሉን ከመላክ በስም የተሰጠ የድራይቭ ፈቃድ እመርጣለሁ። ቢያንስ ወደፊት የሚዘጋ በር ይኖረዋል።

ለማንሳትም ኔትወርክ ያስፈልጋል። በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ መቋረጡ ለወራት ቆይቷል። በሞባይል ዳታ ብቻ የሚጠቀም ሰው በዚያ ጊዜ ፋይሉን ልዝጋ ቢል ከየት አምጥቶ ይዘጋዋል? ፋይሉን ያለ ኔት እንዲከፈት አድርጎ ስልኩ ላይ ያስቀመጠ ሰው ደግሞ ስልኩ ኢንተርኔት እስኪያገኝ ድረስ የያዘውን ማየቱን ይቀጥላል።

ፎቶ ኮፒ ቤቱንም መርሳት የለብንም። ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን ለማሳተም ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ካለው ቤት ይገባል፣ ጂሜይሉን ይከፍታል፣ ያሳትማል፣ ሳይዘጋው ይወጣል። ከዚያ በኋላ የሚቀመጥ ሰው የማንም ፈቃድ አያስፈልገውም። ባለቤቱን ሆኖ ነው የሚገባው። ይህ የደረሰበት ሰው ስልኩ ላይ የጉግል አካውንቱን ከፍቶ የደኅንነት ክፍሉ ውስጥ አካውንቱ ክፍት የሆነባቸውን ኮምፒውተሮችና ስልኮች ዝርዝር ያገኛል፤ የማያስፈልገውን ከዚያው ያስወጣል። የይለፍ ቃሉንም ቢቀይር ጥሩ ነው።

ሕጉም አለ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ መግባትን ወንጀል አድርጓል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰው መረጃ በሚይዙ ላይ ኃላፊነት ይጥላል። በኔ እምነት ግን ስሙን ከዝርዝሩ ያላወጣነውን ሰው «ለምን ገባህ» ማለት ይከብዳል።

ሰው ፈቃድ የማያነሳው ባለማወቅ ብቻ አይደለም። ይሉኝታ አለ። «ስሜን አወጡት» የሚል ወሬ ዕድር ውስጥ ቀላል ነገር አይደለም፤ ያስቀይማል። ድራይቭ ደግሞ ፈቃዱ የተነሳበትን ሰው አይነግረውም። አንድ ቀን ሊከፍት ሲል በሩ ተዘግቶ ያገኘዋል። ቅያሜው ከዚህ ይብሳል። እኔ የምመክረው የጽዋ ማኅበርን ልማድ ነው። ጽዋው ከአንዱ ቤት ወደ ተረኛው ሲሄድ ማንም አይከፋም፤ መሄዱ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ሼር ሲደረግም «ይህ ፈቃድ እስከ ርክክቡ ነው» ተብሎ ከፊቱ ይነገር።

ርክክቡ ላይ ቅደም ተከተሉ መሳት የለበትም። መጀመሪያ ባለቤትነቱ ወደ አዲሱ ጸሐፊ ይተላለፋል። በግል የጉግል አካውንት ከሆነ አዲሱ ሰው የመጣለትን ጥያቄ መቀበል አለበት፤ እስኪቀበል ድረስ ባለቤቱ አሮጌው ነው። ሲቀበል አሮጌው ጸሐፊ ወደ አራሚነት ይወርዳል። ስሙን ማውጣት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በኋላ እናደርገዋለን ከተባለ ይረሳል። እዚያው ስብሰባው ላይ፣ ሁለቱም ስልካቸውን አውጥተው፣ አባላቱ እያዩ ቢጨርሱት ይሻላል።