«ነፃ መውጣት» ምንድን ነው? ከባርነት አዋጁ ማግስት

አራት ኪሎና ፒያሳ ባሉ ካፌዎች የባርነት ወሬ በተነሣ ቁጥር የማይቀር አባባል አለ፦ «በ1934 በአዋጅ ቀረ፤ ሰዎቹም ወደየአገራቸው ገቡ።» የመጀመሪያው ግማሽ እንደ ሕግ ልክ ነው። ነሐሴ 20 ቀን 1934 የወጣው አዋጅ ቁጥር 22 ባርነትን ሕጋዊ መሠረት አሳጥቶታል። ሁለተኛው ግማሽ ግን ያናድዳል።

የትኛው አገራቸው? በልጅነቱ ከካፋ ወይም ከወላይታ ተፈንግሎ የመጣ ሰው ስሙ ተለውጧል፤ ብዙ ጊዜም የእናቱን ቋንቋ ረስቷል። መንገዱ የሳምንታት የእግር ጉዞ ነው፤ ስንቅ ይፈልጋል፣ ባሪያ ፈንጋይ እንደገና ይዞ ሊሸጠውም ይችላል።

ነፃ መውጣት ሰው የሰው ንብረት መሆኑ ማብቃቱ ነው፤ ከዚያ ያለፈ ነገር በውስጡ የለም። እንደ ሥራ መልቀቂያ ቁጠሩት። ወረቀቱ በእጅ ገብቷል፤ ያልተከፈለው የዓመታት ደመወዝ ግን ቀልጦ ቀርቷል፣ ጡረታ የለም፣ ማደሪያው የአሠሪው ግቢ ነው፣ ሌላ ቦታ ዋስ የሚሆነውም ያው አሠሪ ነው። ስለዚህ ብዙው እዚያው ውሃ እየቀዳ፣ እንጨት እየተሸከመ፣ እህል እየፈጨ ለጉርሱና ለልብሱ ኖረ። ገጠር ከሆነ ጭሰኛ ሆነ። የገጠር መሬት ለአራሹ የሆነው በ1967 ነው፤ ሠላሳ ሦስት ዓመት ቆይቶ ማለት ነው።

ቀኑም ቢሆን አንድ አይደለም። መጋቢት 22 ቀን 1916 የወጣው ደንብ ጌታው ከሞተ በኋላ ወራሾቹን ሰባት ዓመት ማገልገልን ይጠይቅ ነበር፤ በ1923 ወደ አንድ ዓመት ወረደ። አንድ ሰው መቼ ነፃ እንደሚወጣ ለማወቅ መጀመሪያ ጌታው መቼ እንደሞተ መጠየቅ ነበረበት። (ጣሊያንም በ1928 ትግራይ ሲገባ የራሱን አውጇል፤ ለወረራው ማሳመሪያ ስለነበር ከሌሎቹ ጋር አትደምሩት።)

«በልጅነቱ ለባርነት ተሸጦ ኋላ መጽሐፍ ቅዱስን የተረጎመው ኦነሲሞስ ነሲብስ?» የሚል አይጠፋም። እሱ ነፃ የወጣው በ1870 እ.ኤ.አ. ምፅዋ ላይ እንጂ በእነዚህ ሕጎች አይደለም። የስዊድን ሚሲዮን አስተማረው፤ ወደ ኦሮምኛ የተረጎመው መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 እ.ኤ.አ. ታተመ። ከነፃነቱ ጋር ትምህርት ቤት ያገኘን ሰው ባዶ እጁን ለቀረው ሁሉ ምሳሌ ማድረግ አይቻልም።

ደግሞም አዋጁ የነካው ባለቤትነትን ብቻ ነው። ሽማግሌ ተልኮ፣ አጥንት ተቆጥሮ፣ የአያት ነገር ተነሥቶ ጋብቻው ሲፈርስ አቤት የሚባልበት ችሎት አልነበረም።