«ዛፍ ቆርጠን ዝናብ አባረርን» እና ሌሎች የማይሞቱ አባባሎች

ስለ ድርቅ በተጠራ ስብሰባ ሁሉ፣ ከሻይ እረፍቱ በፊት፣ አንድ ሰው እጁን ማውጣቱ አይቀርም። ጉሮሮውን ጠርጎ «ይህች አገር ከመቶ ዓመት በፊት 40 በመቶዋ ደን ነበር፤ ቆርጠን ጨረስነው፤ ዝናቡም ጥሎን ሄደ» ይላል። አዳራሹ ራሱን ይነቀንቃል፣ ቃለ ጉባኤ ያዡም ይጽፈዋል። በተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ሥራ ላይ ዕድሜዬን ያሳለፍኩ ሰው ነኝና ይህን ንግግር ከመድረክም፣ ከሬዲዮም፣ ከቀብር መልስም ሰምቼዋለሁ። ዋናውን ሙግት ለእሱ አቆያለሁ። በቅድሚያ ትንንሾቹን ከመንገድ ላንሳ።

«ባለፈው ሳምንት በረዶ ጣለ፤ ታዲያ የቱ ነው ሙቀቱ?»

የአየር ንብረት የሚለካው በ30 ዓመት አማካይ ነው። የአንድ ከሰዓት በረዶ ምንም አያስረዳም።

«እኛ አልበከልንም፤ ስለዚህ አይመለከተንም።»

የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው፤ አፍሪካ በሙሉ ተደምራ ከነዳጅና ከኢንዱስትሪ በሚወጣው የዓለም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት ድርሻዋ 4 በመቶ ገደማ ነው። ሁለተኛው ግማሽ ግን ከመጀመሪያው አይከተልም። ጎርፍ ማን እንደበከለ ጠይቆ አይገባም።

«የሚጎዳው ቆላው ነው፤ ደጋው ትንሽ ቢሞቅ ይሻለዋል።»

ይህን የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ደገኞች ናቸው። የቢሾፍቱ አካባቢን የወባ መዝገብ የመረመሩ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት፣ ሞቅ ባሉ ዓመታት በሽታው ወደ ከፍተኛ ቦታዎች እንደሚወጣ፣ ቀዝቀዝ ሲል ደግሞ እንደሚወርድ አሳይተዋል። አያቶቻችን ደጋ የሰፈሩት አንድም ወባን ሽሽት ነበር። ቡናም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት፣ ምንም እርምጃ ካልተወሰደ አሁን ቡና ከሚበቅልበት የአገራችን መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው በዚህ ክፍለ ዘመን ለቡና የማይመች ሊሆን እንደሚችል ገምቷል። ጥናቱ ቡናው ወደ ላይ ከወጣ ተስማሚው መሬት ሊሰፋ እንደሚችልም ይናገራል፤ ሰው የሚወደው ይህን ክፍል ነው። ነገር ግን ያ ከፍታ ባዶ አይደለም። ወይ የሌላ ገበሬ ገብስና እንሰት ነው፣ ወይ ደን ነው።

ቀይ ቀበሮ ደግሞ ከዚህ በላይ መሄጃ የለውም። በባሌ ሳነቲ፣ በሰሜን ተራሮችና በጥቂት ሌሎች አምባዎች የቀሩት አዋቂዎቹ ከ500 አይበልጡም። ከታች እርሻው እየወጣ ይገፋቸዋል፣ ከእረኛ ውሾች የእብድ ውሻ በሽታ ይይዛቸዋል፣ ብርዱም እየሳሳ ነው። ተራራ ጫፍ አለው፤ ከጫፉ በኋላ ሰማይ ነው።

«ዛፍ ቆርጠን ዝናብ አባረርን።»

አሁን ወደ ሙግቱ። 40 በመቶውን ማን ለካው? የዛሬ መቶ ዓመት የአገሪቱን ደን የቆጠረ መሥሪያ ቤት አልነበረም። የታሪክ ተመራማሪዎች የቁጥሩን ዱካ ይዘው ወደ ኋላ ሲሄዱ የደረሱት አንዱ ከሌላው እየገለበጠ ባሳለፈው ግምት ላይ ነው። በአንጻሩ በእጅ የሚያዝ ማስረጃ አለ። በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶግራፍ አንሺዎች ይዞ ነበር። ከ140 ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች እነዚያኑ ቦታዎች በሰሜን ኢትዮጵያ ፈልገው፣ ከዚያው አቅጣጫ ቆመው አነሱ። በአብዛኛው ቦታ በአዲሱ ፎቶ ላይ ያለው ተራራ ከቴዎድሮስ ዘመኑ የበለጠ ዛፍና ቁጥቋጦ ነበረው። (ጥናቱ ከትግራይ ጦርነት በፊት የተሠራ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ዛፍ ተቆርጧል።) ይህ ማለት ደን አልጠፋም ማለት አይደለም፤ በደቡብ ምዕራቡ ዓይናችን እያየ ጠፍቷል። ሰሜኑ ግን «አያቴ ጫካ ነበር ብለውኛል» በሚለው ልክ በመቶ ዓመት ውስጥ የተራቆተ አገር አይደለም።

ቀጥሎ «ክፉ ቀን» የሚባለው ታላቅ ረሃብ አለ። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ከጣሊያኖች ጋር በምፅዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በሬውን ፈጀ፣ ዝናብ ቀረ፣ አንበጣና አይጥ የተረፈውን በላ። ዝናብ የሚቀረው በደን መመንጠር ብቻ ከሆነ፣ ያኔ፣ ያ ሁሉ ደን ቆሞ ነበር በሚባልበት ዘመን፣ ለምን ቀረ? ይህን በስብሰባ ስጠይቅ የማገኘው መልስ ዝምታ ነው፤ አንዳንዴም «እሱ የእግዜር ቁጣ ነበር» ይሉኛል።

ዝናባችን የሚመጣው ከሩቅ ነው። የክረምቱ እርጥበት ከሕንድ ውቅያኖስ፣ ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ፣ ከኮንጎ ተፋሰስ፣ ከቀይ ባሕርና ከሜዲትራኒያን አቅጣጫ በነፋስ ተጭኖ ይገባል። የነፋሱን ልጓም ከያዙት አንዱ የፓሲፊክ ውቅያኖስ ነው። የመካከለኛውና የምሥራቁ ፓሲፊክ ከልክ በላይ ሲሞቅ፣ ማለትም ኤልኒኖ ሲነሳ፣ ክረምታችን ይደክማል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት የሆነው ይኸው ነው፤ በማግስቱ ዓመት 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ። ተቃራኒው፣ ማለትም ፓሲፊኩ የሚቀዘቅዝበት ላኒና ሲመጣ ደግሞ ክረምቱ ብዙ ጊዜ ይበረታል፤ በአንጻሩ የቦረናና የሶማሌ ዝናብ ይደርቃል። ከ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ጀምሮ እስከ 2015 ዓ.ም. ታኅሣሥ ድረስ በዚያ አካባቢ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። አንድም ገበሬ መጥረቢያ ባያነሳ ይከሽፉ ነበር።

የአየር ንብረት ለውጥ እዚህ ምን ሠራ? የዚያን ድርቅ መንስኤ የመረመረ ዓለም አቀፍ የሳይንቲስቶች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2023 እንዳስታወቀው፣ የሰው ልጅ ያመጣው ሙቀት ያንን የእርሻና የግጦሽ ድርቅ ቢያንስ 100 ጊዜ ያህል የመከሰት ዕድሉን አሳድጎታል። መንገዱ ዝናብ መቀነስ ብቻ አይደለም። የጣለችውም ጥቂት ዝናብ በሞቀ አየር ቶሎ ተንና አፈሩ ባዶ ቀረ። በቆጠራ ሚሊሜትር አለ፤ ሳሩ ግን የለም።

ቦረና ያየሁት ይህን ነው። ጠዋት ጠዋት ጎረቤት ተጠራርቶ መነሳት ያቃታትን ላም ሁለቱ ከቀንዷ፣ ሁለቱ ከጭራዋ ይዘው ያቆሟታል፤ ካቆሟት በኋላ እስክትጸና ድረስ በትከሻ ይደግፏታል። ከሰዓት ተመልሳ ትተኛለች። የቤታቸውን ክዳን ሳር እየነቀሉ ያበሏት ቤተሰቦች ነበሩ። ዙሪያውን ግን በዛፍና በቁጥቋጦ የተሞላ ነው! የቦረና ግጦሽ አንዱ መከራ የዛፍ መብዛት ነው። አርብቶ አደሩ ሳሩን ለማደስ በየጊዜው ይለቀው የነበረው እሳት በመንግሥት ከተከለከለ በኋላ እሾሃማው ቁጥቋጦ ሳሩን ዋጠው። አፋርም እንዲሁ በደርግ ዘመን «አረንጓዴ ያለብሳል» ተብሎ የገባው ፕሮሶፒስ የሚባል እሾሃማ ዛፍ የአዋሽን ዳር ግጦሽ ወረሰ። አፋሮች «ደርጊ ሀራ»፣ የደርግ ዛፍ፣ ይሉታል። በእነዚህ ሁለት አገሮች ቆሞ «ችግኝ ትከሉ፣ ድርቁ ይጠፋል» ማለት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ለምን ይህን ያህል ያናድደኛል? ጥፋቱ ማን ላይ እንደሚወድቅ ስለማውቅ ነው። ከሁሉም ያነሰ የበከለችው፣ ማገዶ ተሸክማ ከእንጦጦ የምትወርደው ሴት፣ «ዝናብ አባራሪ» ትሆናለች። ሌላም ጉዳት አለው። በደቡብ ወሎ በአንድ የበልግ አብቃይ ቀበሌ፣ ገበሬዎቹ ተራራውን ከልለው ዛፍ ካሳደጉ በአምስት ዓመት በልጉ እንደሚመለስ ከአንድ ባለሙያ ቃል ተገብቶላቸው ነበር። ከለሉት፣ ዛፉም አደገ። በልጉ ግን ይባስ ተዛባ። አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ ዛፉስ ይኸው ቆሟል፤ ዝናቡን የት አደረጋችሁት?» አሉኝ። በዓመቱ ከብት ለቀቁበት። ተራራው በከለላው ምክንያት ምንጭ አፍልቆላቸው ነበር፤ የተነገራቸው ግን ስለ ምንጩ አልነበረም። ባዶ ተስፋ እውነተኛውን ጥቅም አብሮ ገደለው።

ዛፍ አፈር ይይዛል፣ የጣለውን ውሃ ወደ መሬት ያሰርጋል፣ ምንጭ ያጎለብታል፣ ለማሳ ነፋስ ይከልላል። እንደ ካፋና ሸካ ያለ ሰፊ ደን እርጥበትን መልሶ ወደ አየር በመስደድ ለአካባቢው ዝናብም አስተዋጽኦ አለው። ይህ ይበቃል፤ የፓሲፊክን ሙቀት እንዲያበርድ አንጠይቀው።

ችግኝ የምትተክሉ ደግሞ እባካችሁ ይህን ስሙ። ሐምሌ ላይ ፎቶ ተነስቶ ጥር ላይ ፍየል የሚበላው ችግኝ ወጪ ነው። ጉድጓዱን ከዝናቡ ቀደም ብላችሁ ቆፍሩ፤ የላስቲክ ከረጢቱን ቀድዳችሁ አውጡ (ከነላስቲኩ ተቀብሮ የደረቀ ስንት ችግኝ ነቅያለሁ)፤ ምንጭ ዳር ባሕር ዛፍ አትትከሉ፤ ከሁሉ በፊት የልቅ ግጦሹን ጉዳይ ከቀበሌው ነዋሪ ጋር ጨርሱ። ብዙ ቦታ ላይ ዘር የወደቀበት ተራራ ከከብት ነጻ ከሆነ ያለ ችግኝ ራሱ ያገግማል።

«ሐይቁ የደረቀው በአየር ንብረት ለውጥ ነው።»

ይህኛው የተማሩት ሰዎች ስህተት ነው። ሐረማያ ለደረቀበት ዘመን ዋናው ምክንያት ከላዩ በፓምፕ ለጫትና ለአትክልት፣ ለከተሞችም መጠጥ የተሳበው ውሃና ከዙሪያው የገባው ደለል ነው። በኋላም ውሃ ተመልሶበታል። አቢጃታም የሸሸው ለሶዳ አሽ ፋብሪካ በተወሰደውና ከላይ ለመስኖ በተቀነሰው ውሃ የተነሳ ነው። በአንጻሩ መተሐራ አጠገብ ያለው በሰቃ ከጥቂት ካሬ ኪሎ ሜትር ተነስቶ ከ40 በላይ ሆኗል፤ ከአካባቢው መስኖ ወደ ከርሰ ምድር የሚሰርገው ውሃ እየገፋው። በአንድ ስምጥ ሸለቆ፣ በአንድ ሙቀት ሥር፣ አንዱ ሐይቅ ይደርቃል፣ ሌላው መንገድና ሐዲድ ያሰጋል። ለባለሥልጣን ግን «የአየር ንብረት ለውጥ ነው» ማለት ይቀላል፤ ፓምፕ መዝጋት ጠላት ያፈራልና።

«ድርቅ ማለት ረሃብ ነው።»

አይደለም። በዝናብ እጥረት የ2007ቱ ክረምት ከ1976ቱ ጋር የሚወዳደር ነበር፤ የ77ቱ ዓይነት እልቂት ግን አልደረሰም። ያኔ ጦርነትና ረሃቡን መደበቅ ነበር፤ በኋላ ግን የሴፍቲኔት ፕሮግራም፣ መንገድና በጊዜ የገባ እህል ነበረ።

«ዝናቡ መጣ፣ ድርቁ አበቃ።»

በ2016 ዓ.ም. ኅዳር ኤልኒኖና የሞቀው የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል አንድ ላይ ሆነው ያንኑ የደረቀ የሶማሌ ክልል በጎርፍ መቱት፤ ሸበሌ ሞልቶ መንደር ጠረገ። አየር አንድ ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር ወደ 7 በመቶ ተጨማሪ ተን ይሸከማል፤ ስለዚህ ሲዘንብ ያጥለቀልቃል። ሳር በሳምንታት ይነሳል፤ መንጋ ግን ለመተካት ዓመታት ይፈጃል። ከድርቁ የተረፈ የከሳ ከብትም በመጀመሪያው የዝናብ ብርድ ይሞታል፤ ይህን የማያውቅ አርብቶ አደር የለም፣ የማያውቅ የእርዳታ ሠራተኛ ግን ብዙ አለ።

«ሜትሮሎጂ ዋሸ።»

ይህንን ከገበሬም ከወረዳ ኃላፊም እሰማለሁ። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ከበጋ፣ ከበልግና ከክረምት በፊት የሚያወጣው ትንበያ በዕድል የተከፈለ ነው፤ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች። «ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ 45 በመቶ ነው» ሲባል ሬዲዮው «ዝናብ ያንሳል» ብሎ ያሳጥረዋል፤ ዝናቡ ሲጥል ደግሞ ተቋሙ ውሸታም ይባላል። ትንበያውን እንዲህ ተጠቀሙበት፦ ግንቦት ላይ የክረምቱ መግለጫ ወደ ታች ካጋደለ መሬቱን ሁሉ በረጅም ጊዜ ማሽላ አትሙሉት፣ ከፊሉን ቶሎ ለሚደርስ ጤፍ ወይም ሽምብራ አቆዩት። ያረጀ በሬና የማትወልድ ላም ካለ ሥጋው ሳይወርድ፣ ገበያውም በከሲታ ከብት ሳይጥለቀለቅ፣ ሰኔ ላይ ሽጡ። መስከረም ላይ ሁሉም ሰው ሻጭ ሲሆን የበሬ ዋጋ የፍየል ይሆናል።